ዕቃህን ራስህ ታቀፍ

ኮምፒውተር ይዞ ወደ መርካቶ ለሚሄድ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ዓይንህን ከዕቃህ ላይ እንዳትነቅል። ይህን ምክር በመምህራን ማረፊያ ክፍል በአንድ ጠዋት ከሦስት ሰው ሰማሁ። የታሪክ መምህሩ ራም የሚባለው የኮምፒውተር ሜሞሪ እንዴት በሌላ እንደሚለወጥ ዘረዘረልኝ። የሒሳብ መምህርቷ የእህቷን ላፕቶፕ ጠቅሳ፣ «የገባው ሌላ፣ የወጣው ሌላ» አለች። ኮምፒውተር ኖሮት የማያውቀው የስፖርት መምህር ሳይቀር፣ «ሻይ ጠጣ ካሉህ እንዳትጠጣ፤ ዞር ስትል ነው የሚጫወቱብህ» አለኝ። ሁሉንም በማስታወሻ ደብተሬ በተራ ቁጥር ጻፍኩት። እንዲህ ያለ ልማድ አለኝ።

ጊዜው የሚሌኒየሙ ባነሮች ከአንዳንድ ሕንፃዎች ላይ ገና ያልወረዱበት፣ መብራትም በፈረቃ የሚሰጥበት ነበር። አዲስ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ከሁሉም ማሽኖች አብልጬ የምሳሳለትን ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፣ ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ሳጥን፣ አቃጠለው።

ይህን ማሽን በእርዳታ ከመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ለቃቅሜ የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። በየፍላሹ የሚመጣው ቫይረስ ስላስመረረኝ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጫንኩበት። ውስጡ ሦስት ሀርድ ዲስኮች ነበሩ። ትንሿ ሊኑክሱ ራሱ ያለባት ናት። የቀሩት ሁለቱ ትልልቅ ናቸው፤ በመልክም በመጠንም አይለያዩም። በአንደኛው ላይ የመላው ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት አለ። ሌላው ገና ባዶ ነው፤ የርዕሰ መምህሩ ዊንዶውስ እንዲያነበው አድርጌ ያሰናዳሁት ነበር።

ከመውጣቴ በፊት ከሒሳብ መምህርቷ ቀይ የጥፍር ቀለም ተዋስኩና በሁለቱ ትልልቅ ዲስኮች ጀርባ ላይ አንዳንድ ነጥብ አደረግሁ። ምልክት ያለበት ዕቃ በቀላሉ አይለወጥም። በደብተሬ ላይ ቁጥር አራት አድርጌ ራሴ የጨመርኩት ይህን ነበር።

ዱባይ ተራ፣ ዚፕና ክር በጅምላ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ ቴክኒሻን አለ። ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ታቅፌ፣ ካርቶን ከተሸከሙ ሰዎች ጋር እየተጋፋሁ ስደርስ ቀና ብሎም አላየኝም።

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይልከው እዚህ የሚመጣ የለም። ተቀመጥና ክፈተው።»

«እኔ ልክፈተው?»

«ዕቃው ያንተ አይደል?» አለና ካቻቢቴ አቀበለኝ። «ሰው ይወስድብኛል የምትለውን ሁሉ ነቅለህ ጭንህ ላይ ታቀፍ። እኔ አልነካውም። ስጨርስ ራስህ ትመልሰዋለህ።»

እንዲህ ያለ ጥገና ሰምቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። በአገጩ ወደ ሱቁ ውስጥ አመለከተኝ። ከዚፕ ካርቶኖች መካከል አንዲት ስልሳ ዓመት የዘለሉ ሴት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሁሉም እትዬ ይላቸዋል።

«በረንዳው የሳቸው ነው» አለ። «ውል የለኝም፤ ያለኝ ቃላቸው ነው። ከበረንዳዬ ላይ የሰው ዕቃ የጠፋ ቀን ጠረጴዛህን አጥፈህ ትሄዳለህ ብለውኛል። ስድስት ዓመት ሠራሁ። እንጀራዬ እዚህ ነው። ስለዚህ፣ ቲቸር፣ ዕቃህን ራስህ ታቀፍ።»

መምህር መሆኔን አልነገርኩትም ነበር። ኋላ ሳስበው የሸሚዜ ኪስ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማን ነገረው አልኩ። ደግሞስ እኔ ገና ሳልናገር ሰው ይወስድብኛል የሚለውን ያነሳው ምን አስቦ ነው? ሁለቱንም ጥያቄዎች በደብተሬ አሰፈርኩ።

ሁለቱን ዲስኮች ነቀልኩና ጭኔ ላይ አደረግኋቸው። ይዘዋቸው የነበሩት ሁለት ቀጫጭን ቀይ ኬብሎች ተንጠልጥለው ቀሩ። ትንሿን ዲስክ ተውኳት፤ ማን ይፈልጋታል ብዬ። ቴክኒሻኑ የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ አወጣ፤ አሸተተው፤ ወደ ጎን አደረገው።

«የዚህ ዓይነት አዲስ አሁን አይገኝም። ያገለገለ አለኝ።»

ላገለገለ ዕቃ የርዕሰ መምህሩን ፈቃድ ማግኘት ነበረብኝ። በረንዳው ሥር የሞባይሌ ኔትወርክ አይሠራም፤ አስፋልቱ ድረስ መውጣት ያስፈልጋል። በዚያ ግፊያ ውስጥ ሁለት ዲስክ ይዞ መውጣት ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ልተዋቸው አልደፈርኩም። ወደ ሱቁ ገባሁ።

«እትዬ፣ እባክዎ እነዚህን ለአንድ አፍታ ይያዙልኝ።»

እትዬ ዲስኮቹን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው ዚፕ የሞላበት መሳቢያ ውስጥ ከተቷቸውና ዘጉት። «ሂድ ልጄ። እዚህ ቤት ዕቃ አይጠፋም።»

አስር ደቂቃ ፈጀብኝ። ፈቃዱን አግኝቼ ስመለስ እትዬ ዲስኮቹን ሰጡኝ፤ ቀይ ነጥቦቹን አየሁ፤ አሉ። ቴክኒሻኑ ፓወር ሰፕላዩን ገጥሞ ጨርሶ ነበር። ዲስኮቹን መልሼ ሰካኋቸው። ማሽኑ ነፍስ ዘራ፤ በቴክኒሻኑ ሞኒተር ላይ የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች መውረድ ጀመሩ። በዚያው ቅጽበት የመደዳው መብራት ሄደ።

«ጠብቅ» አለኝ። «ጎረቤት ጄኔሬተር ያስነሳል። እስከ መጨረሻው ሳታየው አትውሰድ። ሻይ ልዘዝልህ?»

ሻይ ሲል ከማረፊያ ክፍል የሰማሁት ሁሉ አንድ ላይ ተነሳብኝ። አመሰግናለሁ ብዬ፣ ሒሳቤን ከፍዬ፣ ማሽኑን አቅፌ ወጣሁ።

ትምህርት ቤት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ማሽኑን አስነሳሁ። መንገዱን አጋምሶ ቆመ። ዲስኮቹን ማያያዝ አልቻልኩም፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አስገባና ራስህ አስተካክል የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። በዊንዶውስ ዲስክ ሲሰካ ብዙ ጊዜ ራሱ መለያ ፊደሉን ይዞ ብቅ ይላል። በሊኑክስ ግን ዲስኩን ከአንድ ፎልደር ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል፤ ይህን ማውንት ማድረግ እንለዋለን። ፎልደሩ በር ብቻ ነው፤ ዕቃው ያለው ዲስኩ ውስጥ ነው። ዲስኩ ካልተያያዘ በሩን ከፍተው የሚያዩት ባዶ ግድግዳ ነው። የትኛው ዲስክ ከየትኛው ፎልደር ጋር እንደሚያያዝ፣ ዲስኩም የሊኑክስ ይሁን የዊንዶውስ ዓይነት የሚናገር ኤፍኤስታብ የሚባል ፋይል አለ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ይህን ፋይል መስመር በመስመር እያነበበ እንደተባለው ያደርጋል። የእኔን ማሽን ፋይል በእጄ የጻፍኩት እኔው ነበርኩ።

«ውጤት» የሚለውን ፎልደር ከፈትኩ። ባዶ ነው። የውጤቱ መሆን የነበረበትን ሁለተኛውን ዲስክ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ የዊንዶውስ ዓይነት ነኝ አለኝ።  የውጤቱ ዲስክ የሊኑክስ ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት። ሦስተኛውን በታዘዘው መሠረት ለማያያዝ ሞከርኩ፤ ዓይነቱ ተሳስቷል ወይም ተበላሽቷል ብሎ እምቢ አለ። ከዚያ በላይ መርማሪ መሆን አላስፈለገኝም። አንዱን ዲስኬን ወስደው የሌላ ሰው የዊንዶውስ ዲስክ ተክተውበታል፤ ሌላውን ሲነካኩ አበላሽተውታል። መቼ? በአስሩ ደቂቃ።

በታክሲ ተጣድፌ ወደ መርካቶ ተመለስኩ። ሱቆቹ ለመዝጋት ዕቃ እያስገቡ ነበር።

«ዲስኬን መልስ» አልኩት ለቴክኒሻኑ። ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ፤ ክፍል ውስጥ የለመድኩት ነው።

«የቱን ዲስክ?»

«አንተ ታውቀዋለህ። የገባው የሊኑክስ ነው፤ አሁን ያለው የዊንዶውስ ነው።»

ፊት ለፊት ሻርፕና የሴት መኳኳያ የሚሸጠው ወጣት ከሱቁ ወጣ። «ቲቸር፣ ቴክኒሻናችን ሲኮርጅ ያዝከው እንዴ?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ቴክኒሻኑ አልሳቀም። «ምልክት አድርገህበት ነበር። ምልክቱ የለም?»

«የማሽኑን ኬዝ አልከፈትኩትም። ቢኖርስ? ቀይ የጥፍር ቀለም እዚህ በየሱቁ ነው።»

«እውነቱን ነው» አለ ሻርፕ ሻጩ። «እኔ ብቻ አስራ ሁለት ዓይነት ቀይ አለኝ። የትኛውን ነበር የቀባኸው? ጅምላ ከሆነ እቀንስልሃለሁ።»

ሳቁ ሰፋ። ከጫማው ሱቅም፣ ከሻንጣውም ሰው ተሰበሰበ። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ በረንዳው ብቅ አሉ።

«ምን ጠፋ?»

«አንድ ዲስክ ተለውጧል እትዬ። ስልክ ልደውል ስወጣ ነው።»

«ስልክ ልትደውል ስትወጣ ዲስኩ የት ነበር?»

ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ የገባኝ ከመለስኩ በኋላ ነው። «እርስዎ መሳቢያ ውስጥ።»

«እንግዲያው ሌባዋ እኔ ነኛ።»

«እርስዎን አላልኩም።»

«ከእኔ መሳቢያ ወጥቶ እኔን ካላልክ ማንን ነው የምትለው?»

 ዓይኔን ወደ ቴክኒሻኑ አዞርኩ፤ ያም መልስ ነበር። እትዬም ተከትለው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። የእኔ ጥርጣሬ ከእኔ ዓይን ወደ እሳቸው ዓይን ሲተላለፍ ቁጭ ብዬ እንደማየት ነበር።

«ሁለቴ ከሱቅ ወጥቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንዴ ለዕቃ አውራጁ። መሳቢያው አልተቆለፈም።»

«እትዬ…» አለ ቴክኒሻኑ።

«ቃሌን ታውቃለህ። ሰኞ ጠዋት ዕቃው ይገኝ። ካልተገኘ ሌላ በረንዳ ፈልግ። እስከዚያ ጠረጴዛው ይታጠፍ።»

ቴክኒሻኑ የሰው ኮምፒውተሮችን አንድ በአንድ ወደ ሱቁ አስገባ፤ ባለቤቶቹ ሲመጡ እትዬ እንዲሰጡለት። ከዚያ የጠረጴዛውን እግሮች አጠፈና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ስድስት ዓመት የተቀመጠበት ቦታ ሁለት እርምጃ እንኳ አይሞላም። ሲጨርስ ወደ እኔ መጣ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ስትመልሳቸው የቱን በየትኛው ኬብል ሰካህ?»

«ዲስክ መሰካት ከአንተ አልማርም» አልኩት።

«እሺ» አለ። 

እሁድ ጠዋት ዘበኛውን አስከፍቼ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። ኬዙን ፈታሁት። ሁለቱም ዲስኮች ጀርባ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። የተዋስኩት የቀለም ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር ከጎኑ አዲስ ነጥብ አደረግሁና እስኪደርቅ ጠብቄ አመሳሰልኩት። ቀለሙ አንድ ነው። ይህም አላሳመነኝም፤ ያው ፋብሪካ የሠራውን ጠርሙስ ቴክኒሻኑስ መግዛት አይችልም? እንዲህ እያልኩ አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ አልኩ። የጠረጠረ ሰው ማስረጃ አያጣም፤ የሚያጣው ማስረጃው ምን እንደሚል የመስማት ትዕግሥት ነው።

በመጨረሻ ተማሪዎቼን የማዝዛቸውን አደረግሁ፤ ስህተት ስትፈልጉ ከራሳችሁ ጽሑፍ ጀምሩ እላቸዋለሁ። ኤፍኤስታቡን ከፍቼ ጣቴን ስክሪኑ ላይ እያስኬድኩ አነበብኩ። ሁለተኛው ዲስክ፣ «ውጤት» ፎልደር፣ የሊኑክስ ዓይነት። ሦስተኛው ዲስክ፣ የርዕሰ መምህሩ ፎልደር፣ የዊንዶውስ ዓይነት።

ጣቴ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። ያ የዊንዶውስ ዲስክ የማላውቀው እንግዳ ዕቃ አልነበረም። የእኔ ነው። ባዶው ነው። የተገኘው ግን በሁለተኛው ቦታ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ በጻፍኩት ፋይል ዲስኮቹን የጠራኋቸው በተራቸው ነው፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ተራው የሚወሰነው ዲስኩ በተሰካበት ኬብል ነው። አንድ መምህር ስም ሳይጠራ፣ «ከመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ዴስክ ላይ ያለው መጥቷል» እያለ ቢመዘግብ ማለት ነው። ሁለት ተማሪዎች ቦታ ቢለዋወጡ፣ ሁለቱም ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው መዝገቡ ይሳሳታል። ዲስኮቹን ነቅዬ፣ ታቅፌ፣ ለእትዬ ሰጥቼ፣ ተቀብዬ፣ መልሼ ስሰካ ቀይ ነጥባቸውን አየሁ እንጂ የቱ የት እንደነበር አላየሁም። ነጥቡ የእኔ መሆናቸውን ይናገራል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ኬብሎቹም ሁለቱም ቀይ ነበሩ። እንዳይሰረቁ ብዬ ባልነቅላቸው ኖሮ ምንም አይሆኑም ነበር።

ሦስተኛውን ዲስክ የሊኑክስ ነው ብዬ ከ«ውጤት» ፎልደር ጋር በእጄ አያያዝኩት። የተማሪዎቼ ስም ከ«ሀ» ጀምሮ ተንጋግቶ ወረደ።

ደስታዬ ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። ቴክኒሻኑ የቱን በየትኛው ኬብል ሰካህ ያለኝን አስታወስኩ። ሊኑክስ አያውቅም ይሆናል፤ ሰው ምን ላይ እንደሚሳሳት ግን ያውቃል።

እያንዳንዱ ዲስክ ሲዘጋጅ የሚሰጠው፣ ከሌላ ጋር የማይመሳሰል ረጅም መለያ ቁጥር አለው። ከፋይሉ ላይ ተራዎቹን አጥፍቼ በምትካቸው መለያ ቁጥሮቹን ጻፍኩ። ማሽኑን አስነሳሁ፤ ሠራ። አጥፍቼ ኬብሎቹን ሆን ብዬ አለዋወጥኩና እንደገና አስነሳሁ፤ ሠራ። እሁድ ባይሆን ያኔውኑ ወደ መርካቶ እሮጥ ነበር።

ሰኞ ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ማልጄ ሄድኩ። ጠረጴዛው ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። ቴክኒሻኑ አጠገቡ ቆሟል፤ በእጁ ምንም የለም።

«እትዬ፣ ዲስኩ አልጠፋም» አልኩ። ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ፎልደርና ስለ በር ተናገርኩ። ስለ ተራና ስለ መለያ ቁጥር ተናገርኩ። ስለ ሁለቱ ተማሪዎች ስደርስ እትዬ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ በአጭሩ። ማን ነካው?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም። አቀያይሬ የሰካኋቸው እኔ ነኝ።»

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ስለ መሳቢያቸው ይቅርታ እስክጠይቅ የጠበቁ መሰለኝና ጠየቅሁ። «እኔን ተወኝ» አሉ። «ቅዳሜ የተናገርከው ለእኔ ብቻ አይደለም፤ መደዳው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ባጭሩ ያልከውን ለእነሱም በአፍህ ንገር። ከዚያ ጠረጴዛው ይዘረጋል።»

ከሱቅ ሱቅ ሄድኩ። ቴክኒሻኑ ሁለት እርምጃ ከኋላዬ ይከተለኛል። ሻርፕ ሻጩ፣ «ታዲያ ቀለሙ የኔ አልነበረም? ገበያ አሳጣኸኝ» አለ። የሻንጣው ነጋዴ ጨርሶ አልሰማኝም፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ሒሳብ ወደሚጠይቀው ደንበኛ ዞረ። ጫማ የሚሸጡት ጋሼ ግን እኔን አልፈው ከኋላዬ ያለውን ሰው አዩ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አስፈራርቶህ ነው?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ካስፈራራህ ዓይንህን ጨፈን አድርግልኝ፤ ይገባኛል።»

አልጨፍንም ብዬ ስታገል ዓይኔ ተርገበገበ። ጋሼ ሁሉ ነገር እንደገባቸው ሰው ቀና አሉ።

«ቀጥል» አለኝ ቴክኒሻኑ ከኋላ።

ጠረጴዛው አራት ሰዓት ላይ ተዘረጋ። ይቅርታዬን እየሰማ የጠረጴዛውን እግር ሲያጠብቅ ቆየ፤ ተቀብሎኝ እንደሆነ አልነገረኝም። ልሄድ ስል አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሚያልፉት ሰዎች ጠረጴዛውን ያያሉ፤ ቅዳሜ የሆነውን የሰማው ላልሰማው በአገጩ ያሳያል፤ ያልፋሉ። ደንበኛ የሚቀመጥባት ዱካ ባዶዋን ነበረች። ሰው እንዲያየኝ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩባት።

«ክፍል የለህም?» አለኝ።

«ከሰዓት ነኝ።»

አላስነሳኝም። ከእትዬ ሱቅ አንድ ማሽን አውጥቶ መሥራት ጀመረ።

አምስት ሰዓት ሲሆን አንድ ኮት የደረበ ሰው ኮምፒውተር በአንሶላ ጠቅልሎ መጣ። ዕቃውን አላወረደም። ቴክኒሻኑን አየው፤ እኔን አየኝ፤ አጎንብሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይታመናል?» አለኝ።

«በጣም» አልኩ። «እንዲያውም ባለፈው ቅዳሜ እኔ ሁለት ዲስኮች ይዤ…»

«ቲቸር» አለ ቴክኒሻኑ ቀና ሳይል። «ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ሰውየው አሁን የሚጠረጥረው እኔን ነበር። ደብተሬን፣ እስክሪብቶዬን፣ ንጹሕ እጄን ተራ በተራ ተመለከተ።

«አንተ ደላላው ነህ?»

«ደንበኛ ነኝ።»

አላመነኝም። አንሶላውን ግን ፈታና ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።